ሃይማኖት ምንድን ነው? ከቦሩ ሜዳ እስከ ሾንኬ

ሃይማኖት ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን «እምነት ነዋ!» ማለታችን አይቀርም። ቃሉም ራሱ ይገፋፋናል፤ «ሃይማኖት» የማመን ዘመድ ነው። ከሚሴ ገበያ ወርደን በኦሮምኛ ብንጠይቅ የምንሰማው «አመንቲ»ም ያው ማመን ነው። ሼሁን ብንጠይቅ ግን «ዲን» ይሉናል፤ በዚህ ቃል ውስጥ ፍርድም ሕግም አለበት።

እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 እ.ኤ.አ. ሃይማኖት በመናፍስት ማመን ነው ሲል ጻፈ። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም በ1912 እ.ኤ.አ. ይኸ አይበቃም አለ፤ ቅዱስ ተብለው በተለዩ ነገሮች ዙሪያ እምነትና ሥርዓት ሰዎችን ባንድ ማኅበር ሲያስተሳስር ነው ሃይማኖት የሚባለው። በኋላ የመጣው ታላል አሰድ ደግሞ ሃይማኖትን የልብ እምነት ብቻ ማድረግ ከአውሮፓ ታሪክ የወጣ አስተያየት ነው ይለናል። ታዲያ የማን ትርጉም ያስኬዳል? እስቲ የገዛ አገራችንን ታሪክ እንጠይቅ።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። መጀመሪያ የተያዘው የክርስቲያኖቹ የራሳቸው ክርክር ነበር፤ ተዋሕዶ ረታ፣ ጸጋ ተረታ። ቀጥሎ ተራው የሙስሊሞቹ ሆነ። እንዲጠመቁ 3 ዓመት ተሰጣቸው። የወሎው መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ የክርስትና አባቱም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ። አመዴ ሊበን ደግሞ በምኒልክ ክርስትና ተነሥቶ ኃይለ ማርያም ተባለ። ሚካኤል ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ለመሆን በቅቷል፤ መቼም ጥምቀቱ አልጎዳውም።

ተራው ሰውስ? ከሼህ ጦልሃ ጋር ያመፀ አመፀ፣ የተሰደደ ተሰደደ። ሌላው ተጠመቀ። የዚያ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ማሳያ እንደ ጻፈው ግን አንዳንዶቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ወደ መስጊድ ይሄዱና ጥምቀቱን የሚሽር ሥርዓት ያስፈጽሙ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሃይማኖት የልብ እምነት ብቻ ቢሆን ይህን ሰው ምን አስሮጠው? ልቡ እንደሆን አልተጠመቀም። «ውሃ ነው፣ ይደርቃል» ብሎ እቤቱ በገባ ነበር። ሥርዓት ሰውን ይለውጣል ብሎ ባይሠጋ ኖሮ ማፍረሻ ሥርዓት ባልፈለገም። ለታይለር የሚቸግረው ይኸ ነው። በሌላ በኩል ግን፣ ሥርዓት ብቻውን የሚበቃ ቢሆን አዋጁ ወሎን በሙሉ ክርስቲያን ባደረገው። አላደረገውም።

ያቆየው ምንድን ነው ብንል ከከሚሴ ብዙ የማትርቀውን ሾንኬን እናገኛለን። በተራራ ላይ የድንጋይ ቤቶች የተደራረቡባት የአርጎባ መንደር ናት፤ ሼህ ጀውሀር ቢን ሐይደር ያስተማሩትም እዚያ ነው። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን መምህራን ከታሪኩ መሐል አስቀምጠዋቸዋል። ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሼሁ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ሕዝቡ በወዳጃ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል። እምነቱ የኖረው ልብ ውስጥ ተደብቆ ሳይሆን እንዲህ እየተሰበሰበ ነው።

ዱርካይም ይህን ቢያይ «አላልኳችሁም?» ሳይል አይቀርም። ግን እሱም አይቸኩል። ወሎ ውስጥ ባንድ ቤተ ዘመድ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ በለቅሶና በሠርግ ይገናኛሉ፣ ችግር ሲመጣም ክርስቲያኑ የሙስሊም ጎረቤቱን ዱዓ ይጠይቃል። በዱርካይም መስፈርት እነዚህ ሁለት ማኅበር ናቸው። አንዱ ሲታመም ግን የሁለቱም ጸሎት ባንድ አልጋ ዙሪያ ይደረጋል።