የአናጢው ሣጥን በኪሎ አይሸጥ



ዕድር ማለት ቀብር ማስፈጸም ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሟች ቤተሰብ እንዳይቸገር ማሰብም ሥራችን ነው። አናጢ የነበረ ሰው ሲሞት ገና ሐዘኑ ሳይወጣ የመሣሪያ ሣጥኑ ለቆራሌው በኪሎ ሲሸጥ በየሰፈሩ እናያለን። ዕቃው ዝጓልና ቤተሰቡ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ሣጥን ምን እንደሆነ ታሪኩን ብናውቅ እንዲህ ባልቸኮልን ነበር።

ባቡር ከመምጣቱ በፊት በአገራችን ቤት የሚሠራው በመጥረቢያ፣ በምሳርና በመሮ ነበር። ብረቱን የሚቀጠቅጠው ባለሙያ ግን ጠይብ እየተባለ ይሰደብ ነበር። የሚሰድበውም ሰው የሚያድረው በዚያው ሰው መጥረቢያ በተጠረበ ቤት ነው! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ንቀቱ ግን ባንድ ዐዋጅ አልጠፋም።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሞጆና አዳማም በሐዲዱ ዳር አደጉ። ከውጭ የሚመጣው ቆርቆሮ፣ ሚስማርና መጋዝ በባቡር ይራገፍ ጀመር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን በወረራ ቆየ፤ ሲወጣም ቋንቋው በአናጢው ሣጥን ውስጥ ቀረ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ኮላ፣ ኮምፔንሳቶ የምንለው ሁሉ የጣሊያን ቃል ነው። ብርጭቆ ወረቀትም ከፈረንጆቹ አጠራር የተመለሰ ነው፤ ጣሊያኑም ፈረንሳዩም እንደዚሁ ነው የሚሉት። መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ መላጊያ ግን የራሳችን ስም ናቸው።

ከዚያም የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. አለቀ። ከተሞቻችንም ሰፉ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የሬሳ ሣጥን ሳይቀር ከነዚህ መሣሪያዎች ነው የወጣው።

ዛሬ የኤሌክትሪክ ማሽን አለ፤ ፍጥነቱን አንክድም። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ለጀማሪ ልጅ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። የአባቱ መላጊያ ግን ቤቱ ተቀምጦለታል።

ዝገት መሣሪያን አይገድልም። ብረቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ ማሳደር፣ በማግሥቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ አድርቆ ዘይት መቀባት ነው። የመላጊያው ምላጭና መሮው በስል ድንጋይ በውሃ ቀስ ተብሎ ይሳላል። በሞተር ድንጋይ የሚስል ሰው ቶሎ ቶሎ ውሃ ይንከረው፤ ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ስለቱ ከእንግዲህ አይቆይም። መጋዝ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ጥርስ በጥርስ ይሞረዳል። ጥርሱም አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ጋደል ይላል፤ ያለዚያ እንጨቱ ውስጥ ይነክሳል። እጀታ የተሰበረ እንደሆነ በደረቀ ወይራ ይተካል። ምላጩ ከተሰነጠቀም ተስፋ አይቆረጥም። ከተማችን የጅቡቲ ከባድ መኪና መተላለፊያ ነችና አሮጌ ባሌስትራ አይጠፋም፤ ብረት ቀጥቃጩ ከሱ ጥሩ መሮና መጥረቢያ ያወጣል።

ስለዚህ የምናሳስበው ይህን ነው። የአናጢ ቤተሰብ ሣጥኑን ከመሸጡ በፊት ሥራውን ለሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ያሳይ። ልጅ ካለ ይማርበት። ልጅ ከሌለም ሙያ ለሚማር የሰፈር ወጣት በኪራይ ይሰጥ፤ ለባለቤቲቱ የወር ጨው በርበሬ ይሆናታል። የሚሸጥ ከሆነም በመሣሪያነቱ ይሸጥ እንጂ እንደ ውዳቂ ብረት አይመዘን። ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው ይባል የለም? መሣሪያንም ለሚሠራበት እንስጥ።

እግዜር ሁላችንንም በጤና ያቆየን።