የአየር ንብረት ለውጥ በሥራ ቦታ፦ የሠራተኛ ማኅበራትና ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ሊያከናውኑት የሚችሉት ተግባር

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በማኅበር ለተደራጁና ለመደራጀት ለሚያስቡ ሠራተኞች፣ ለአሠሪዎች እንዲሁም በዩኒቨርሲቲዎች በምርምርና በማኅበረሰብ አገልግሎት ለተሰማሩ ባለሙያዎች ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው ችግኝ ተከላ ነው። ተከላው ተገቢ ቢሆንም ሠራተኛው ለውጡን የሚያውቀው በሌላ መልኩ ነው፤ በአገዳ ማሳ ላይ በሚበረታው ሙቀት፣ በግንባታ ቦታ በሚያጥረው የመጠጥ ውኃ፣ የግድብ ውኃ ሲጎድል በሚቆመው የፋብሪካ ማሽን።

የሠራተኛ ማኅበር በሥራ ሁኔታ ላይ የመደራደር መብት በሕግ ተሰጥቶታል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጥረው በልኬት የተደገፈ ማስረጃ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች መሣሪያውና ባለሙያው አላቸው፤ ሆኖም የምርምር ውጤታቸው በሥራ ቦታ ተፈጻሚ የሚሆንበት ሰነድ የላቸውም። የኅብረት ስምምነት ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችል ሰነድ ነው።

ሙቀት የሙያ ደኅንነት ጉዳይ ነው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታው በሠራተኛው ጤንነትና ደኅንነት ላይ አደጋ የማያስከትል መሆኑን የማረጋገጥ፣ ሠራተኛው ስለሚያጋጥመው አደጋ የማስገንዘብ፣ የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብና የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ የማቋቋም ግዴታ ጥሎበታል። ከፍተኛ ሙቀትም በዚህ ግዴታ ሥር የሚወድቅ አደጋ ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ ሥራ ሊቆም ወይም ዕረፍት ሊሰጥ የሚገባው ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ሲደርስ እንደሆነ በቁጥር አልወሰነም። ተዋዋይ ወገኖች በስምምነታቸው ሊሞሉት የሚችሉት ቦታ ይህ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የዓለም የሥራ ድርጅት ያወጣቸውን አኃዞች መመልከት ይጠቅማል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት መካከለኛ ጉልበት በሚጠይቅ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ከ33 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት የመሥራት ዐቅሙን ግማሽ ያህል እንደሚያጣ አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በዓለም ዙሪያ 2.4 ቢሊዮን ሠራተኞች ለከፍተኛ ሙቀት እንደሚጋለጡ፣ በዚህም ሳቢያ በየዓመቱ 22.85 ሚሊዮን የሥራ ላይ ጉዳቶችና 18,970 ሞት እንደሚደርስ ገምቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ሊታወቅ ይገባል። በቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ለዚህ ዓላማ አይበቃም። የሰው አካል የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን በመሆኑ እርጥበት ባለበት አየር ውስጥ ላቡ ስለማይተን ሙቀቱ በአካል ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የሙቀት ጫና መለኪያ ሦስት ንባቦችን ያጣምራል። በፀሐይ ላይ ለሚሠራ ሥራ 70 በመቶው በእርጥብ ጨርቅ ከተሸፈነ ቴርሞሜትር፣ 20 በመቶው ጨረርን ከሚለካ ጥቁር ሉል፣ ቀሪው 10 በመቶ ከተለመደው ቴርሞሜትር ይወሰዳል። በእንፋሎት በተሞላ የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚሠራ ሰው፣ ቴርሞሜትሩ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳይም፣ ነፋሻ በሆነ ደረቅ ሜዳ ከሚሠራው ይልቅ ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ዓይነት ልኬት በትክክል ለመውሰድና ለመተንተን የአካባቢ ጤና፣ የሙያ ጤንነትና የግብርና ሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ድጋፍ ያስፈልጋል።

ከሌሎች አገሮች ልምድ

በርካታ ዜጎቻችን በሚሠሩባት ኳታር እ.ኤ.አ. በ2019 በግሪክ አገር የሚገኘው የቴሳሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሥራ ቦታዎች ተገኝተው በሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን የሙቀት ጫና አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሚኒስትር ውሳኔ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ ከቤት ውጭ የሚሠራ ሥራ እንዳይካሄድ ከልክሏል፤ ከዚህ በተጨማሪ ከላይ የተገለጸው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ በማናቸውም ሰዓት ሥራ እንዲቆም አዟል። በኳታር ውሳኔው ከመንግሥት የወረደ ነው። በአገራችን ግን ማኅበሩና አሠሪው ተመሳሳይ ድንጋጌ በድርጅት ደረጃ ለመስማማት ሌላ መመሪያ እስኪወጣ መጠበቅ አይኖርባቸውም።

የኒካራጓ ልምድ ለስኳር ልማት ሠራተኞቻችን ይበልጥ ይቀርባል። በዚያ አገር በኩላሊት ሕመም የተጠቁ የቀድሞ የአገዳ ሠራተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ለዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን አቤቱታ ሰሚ አካል ቅሬታ ካቀረበ በኋላ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማኅበሩም ኩባንያውም ተስማምተውባቸው የሕመሙን መንሥኤ እንዲያጠኑ ተደርጓል። ዋናው ትምህርት አጥኚው በሁለቱም ወገኖች የተመረጠ መሆኑ ነው። አንዱ ወገን ብቻውን ያስጠናውን ውጤት ሌላው በድርድር ጠረጴዛ ላይ በቀላሉ አይቀበለውም።

ጉዳዩን ወደ ኅብረት ስምምነት ስለማስገባት

አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ሊቋቋም ይችላል፤ የአባላቱ ቁጥርም ከአሥር ማነስ የለበትም። ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ደግሞ ጠቅላላ ማኅበር በማቋቋም መደራጀት ይችላሉ። ድርድር የሚፈልግ ወገን ጥያቄውን በጽሑፍ ከረቂቁ ጋር ያቀርባል፤ ጥያቄው የደረሰው ወገንም በ10 ቀናት ውስጥ ለድርድር መቅረብ ይኖርበታል። በሥራ ላይ ያለ ስምምነት ካለ የማሻሻያው ድርድር ዘመኑ ከማብቃቱ ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድሞ ሊጀመር ስለሚገባ፣ ልኬቱ ከዚያ በፊት በነበረው የሙቀት ወቅት ተወስዶ የተጠናቀቀ መሆን አለበት። በዚህ ረገድ የሚታየው የተለመደ ጉድለት ለጥናቱ በቂ ጊዜ አለመስጠት ነው።

ለዩኒቨርሲቲ የሚጻፍ ደብዳቤ ለምርምርና ማኅበረሰብ አገልግሎት ዘርፍ ቢላክ ጉዳዩ ይፋጠናል። የማኅበረሰብ አገልግሎት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን የተቀመጠ የተቋማቱ ተልእኮ ነው። በደብዳቤው የሥራው ዓይነት፣ የሠራተኞቹ ብዛት፣ የፈረቃ ሰዓትና ችግሩ የሚበረታበት ወር ቢገለጽ መልካም ነው። የልኬቱ ውጤት ለማኅበሩም ለአሠሪውም በእኩል እንደሚደርስ፣ የግለሰብ ሠራተኛ የጤና መረጃ ግን ለማንም እንደማይገለጥ በጽሑፍ ስምምነት ሊደረግበት ይገባል።

የሚረቀቀው ድንጋጌ ልኬቱን ማን፣ የት፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚወስድ፣ የትኛው ንባብ ላይ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ፣ ጥላና ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በምን ያህል ርቀት እንደሚቀርብ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። በተለይ በሠሩት መጠን የሚከፈላቸው ሠራተኞች ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል። አገዳ ቆራጭ የሚከፈለው በቆረጠው ልክ ከሆነ፣ የዕረፍት ሰዓት በወረቀት ላይ ቢፈቀድለትም ገቢው ስለሚቀንስ አያርፍም። በመሆኑም ለዕረፍቱ ጊዜ የሚከፈለው ክፍያ በስምምነቱ ካልተካተተ ድንጋጌው ተፈጻሚነት አይኖረውም።

የማኅበሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሕጋዊ ውጤት አለው። የሠራተኛውን ደኅንነት ወይም ጤንነት የሚያሰጋና ሊደርስ የተቃረበ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ፣ ከሚመለከተው ባለሥልጣን፣ ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛው በተሰጠው ማስጠንቀቂያ መሠረት በተወሰነው ጊዜ ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ የሥራ ውሉን ለማቋረጥ እንደሚችል አንቀጽ 32 ደንግጓል። ይህ የመጨረሻ አማራጭ በመሆኑ ሠራተኛው አስቀድሞ ከማኅበሩ ጋር ሊመክርበት ይገባል።

ድርቅ ማሽን ሲያቆም

አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይሏን በአብዛኛው የምታገኘው ከውኃ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግልገል ጊቤ 3 ግድብ የውኃው መጠን በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ እንዲታደል መደረጉ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሠራተኞች የሚቀርበው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ማሽኑ በቆመበት ቀን ደመወዝ ይከፈላል ወይ? በአዋጁ መሠረት ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ የእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን የማግኘት መብት አለው። ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው በሙሉ ወይም በከፊል ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሲቋረጥ ግን አሠሪው መብትና ግዴታን ለማገድ ሊያመለክት ይችላል፤ ማመልከቻውን በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ ይኖርበታል፤ የሚፈቀደው የእገዳ ጊዜም ከ90 ቀናት ሊበልጥ አይችልም። የውኃ ሀብትና የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች የወቅት ትንበያን ለማኅበሩና ለአሠሪው በሚገባ ቋንቋ ቢያብራሩ፣ የዓመት ፈቃድንና የማሽን ጥገናን ኃይል ወደሚያጥርበት ወር ማዛወር ይቻላል።

ዩኒቨርሲቲዎች እንደ አሠሪ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በመሆኑ ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ አይመለከታቸውም። በግል ኤጀንሲ ወይም በሥራ ተቋራጭ ተቀጥረው በግቢው ውስጥ በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በምግብ ዝግጅትና በግንባታ የተሰማሩት ግን በአዋጁ ይሸፈናሉ፤ ማኅበር የማቋቋም መብትም አላቸው። በሺዎች ለሚቆጠሩ ተማሪዎች እንጀራ የሚጋገርበት ማዕድ ቤት የሙቀትና የጢስ ጫና የሚበረታበት የሥራ ቦታ ነው። ተመራማሪዎች ልኬታቸውን ከዚያ ቢጀምሩ ማገዶ ቆጣቢ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ለማስገባት የሚያበቃ ማስረጃ ያገኛሉ፤ የጋጋሪዎቹም ጤንነት ይጠበቃል።

የሙያ ሽግግርም የሁለቱን ወገኖች ትብብር ይጠይቃል። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በ2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ የጋራዥ መካኒኮች በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ጥገና መሠልጠን አስፈልጓቸዋል። ማኅበራት የሥልጠና ጊዜና ወጪ በኅብረት ስምምነት እንዲካተት መጠየቅ ይችላሉ።

የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ለሚኒስቴሩ ወይም ድርጅቱ በሚገኝበት ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር ላለው አግባብ ያለው ባለሥልጣን ቀርቦ ይመዘገባል። ልኬቱ አደጋ መኖሩን አሳይቶ አሠሪው እርምጃ ካልወሰደ፣ ማኅበሩ የልኬቱን ውጤት፣ ለአሠሪው የጻፈውን ማስጠንቀቂያ ቅጂና የደኅንነት ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አያይዞ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ማመልከት ይችላል።