የሮያል ኦክ ፖስታ ቤት

በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዲትሮይት ወጣ ብላ የምትገኘው ሮያል ኦክ የተባለች አነስተኛ ከተማ የነበራት ፖስታ ቤት አልበቃ አላትና አዲስ ተሠራላት። ምክንያቱ አንድ ሰው ነበር። ለእኚህ ሰው በሳምንት በአማካይ 80,000 ያህል ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ትልቅ ንግግር ካደረጉ በኋላ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ፖስታ የሚከፍቱ፣ ገንዘቡን ከወረቀቱ የሚለዩና መልስ የሚጽፉ ከመቶ በላይ ሠራተኞች ተቀጥረዋል። ሰውየው አባ ቻርልስ ኮግሊን ይባላሉ፤ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ስለ ባንኮች፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ፕሬዚዳንቱና ስለ ጦርነት ያለ ይሉኝታ ይናገራሉ። (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ስለ ወቅታዊ ጉዳይ የሚያወራ ፖድካስት የሚከታተል ሰው አቅራቢው ሲያስደስተው ያመሰግነዋል፣ ሲያናድደው ይወቅሰዋል፣ ደስ ካለው ደግሞ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይልክለታል። አቅራቢው በፊናው የአድማጩን ቁጥርና አስተያየት ጠቅሶ “ሕዝቡ ከእኔ ጋር ነው” ይላል። ይህ ልማድ ከኢንተርኔት በፊት የተጀመረ ነው፤ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዷም ሮያል ኦክ ናት። የኮግሊን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ታሪክ ሆኖ ይነገራል። ግን የአድማጮቻቸውም ታሪክ ነው። ማን ጻፈላቸው? ማን መጻፍ አቆመ? የማን ድምፅ በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ አልተቆጠረም? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተነሡ የሰውየው መውጣትም መውደቅም በቅጡ አይገባም።

ኮግሊን በ1891 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ሃሚልተን ከተማ ከአይሪሽ ካቶሊክ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1926 የዲትሮይቱ ጳጳስ ማይክል ጋላገር ወደ ሮያል ኦክ ላኳቸው። ምእመናኑ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕዳ ከባድ ነው፤ በአካባቢው ደግሞ ካቶሊኮችን የሚጠላው ኩ ክላክስ ክላን ጉልበት ነበረው። የክላኑ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መስቀል እንዳቃጠሉባቸው ካህኑ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። የዲትሮይቱ ደብሊው ጄ አር ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ ሊዮ ፊትዝፓትሪክ በሬዲዮ ቢያስተምሩ ገቢም ወዳጅም እንደሚያገኙ አሳመናቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1926 የመጀመሪያው ስርጭት ተላለፈ። ትምህርቱ በአብዛኛው ለሕፃናት የሚሆን የሃይማኖት ትምህርት ነበር። ፖለቲካ የለበትም።

ፖለቲካውን ያመጣው ረሃብ ነው። በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ከሁሉም በፊት ከተጎዱት ከተሞች አንዷ የመኪና ፋብሪካዎች መናኸሪያ የሆነችው ዲትሮይት ነበረች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከፋብሪካ ተባረሩ፤ ቤታቸውን በባንክ ብድር የገዙት አጡት። ኮግሊን ከ1930 መጀመሪያ አንስቶ ኮሙኒዝምን፣ ቀጥሎም ሠራተኛውን ሜዳ ላይ የጣሉትን ባለሀብቶች ማውገዝ ያዙ። ድምፃቸው ወፍራምና ሞቅ ያለ፣ አየርላንዳዊ ቅላጼ ያለበት ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። አድማጩ የሚፈልገውን በፖስታ ነገራቸው፤ እሳቸውም በሚቀጥለው እሑድ መለሱለት። ንግግራቸውን ከሃይማኖት ወደ ኢኮኖሚ የወሰደው የራሳቸው ቁጣ ብቻ እንዳልነበረ ይህ ምልልስ ያሳያል።

በዚያው ዓመት መጸው ሲቢኤስ የተባለው ትልቅ የሬዲዮ መረብ ፕሮግራሙን ወደ ብዙ ግዛቶች ማስተላለፍ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን አስተዳዳሪዎቹ ደነገጡ። ጥር 1931 ንግግራቸውን ለስለስ እንዲያደርጉ ሲጠየቁ ካህኑ ነገሩን በቀጥታ ለአድማጩ አቀረቡ፤ እንዲናገሩ ያልፈለጉ ሰዎች እንዳሉ ነገሩት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የተቃውሞ ደብዳቤ ሲቢኤስ ላይ ዘነበ። አድማጭ በአንድነት ተነሥቶ አንድን የሬዲዮ ድርጅት ያስጨነቀበት የመጀመሪያው ትልቅ አጋጣሚ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሲቢኤስ ለጊዜው ታገሠ፤ ውሉ ሲያልቅ ግን አላደሰም።

ካህኑ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ለዛሬው ዘመን በጣም ቅርብ ነው። ከየጣቢያው የአየር ሰዓት በገንዘባቸው እየገዙ የራሳቸውን መረብ ዘረጉ። ወጪውን የሸፈነው ማስታወቂያ አልነበረም። አብዛኞቹ ፖስታዎች ውስጥ የአንድ ዶላር ኖት፣ አንዳንዴም ሳንቲም ይገኝ ነበር፤ ላኪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው የተቸገሩ ናቸው። በዚሁ ገንዘብ ግዙፍ የክርስቶስ ስቅለት የተቀረጸበት የድንጋይ ግንብ በሮያል ኦክ ተሠራ፤ ኮግሊንም ከዚያ ግንብ ውስጥ ካለው ክፍላቸው ወደ አገሩ ሁሉ ይናገሩ ነበር። የአድማጮቻቸው ቁጥር እስከ 30 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመት ነበር፤ በ1930 ቆጠራ የአሜሪካ ሕዝብ 123 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በአድማጭ ገንዘብ የሚኖር ተናጋሪ የሚቆጣው አለቃ የለውም፤ ማስታወቂያ ነጋዴም አያስፈራራውም። ገንዘብ የሚልክለት አድማጭ ግን አለቃው ነው። ኮግሊን ይህን የተረዱት ዘግይተው ይመስላል።

በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ትዝታ አለ። በበጋ እሑድ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። ሰው መንገድ ለመንገድ እየሄደ ከየቤቱ የሚወጣውን የካህኑን ድምፅ አንድም ቃል ሳያመልጠው እስከ መጨረሻው ይሰማ ነበር። አድማጩ ካቶሊክ ብቻ አልነበረም። ፕሮቴስታንቶች ይጽፉላቸው ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይሁዳውያንም ከደጋፊዎቻቸው መካከል ነበሩ። ይህ ኋላ የመጣውን መራራ ያደርገዋል።

ሬዲዮ አድማጩን ደብዳቤ ጸሐፊ ያደረገው በሮያል ኦክ ብቻ አይደለም። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመጋቢት 1933 ሥልጣን ሲይዙ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 450,000 የሚጠጋ ደብዳቤ እንደደረሳቸው ይነገራል። ቀደም ሲል የዋይት ሐውስን ደብዳቤ አንድ ሰው ይበቃው ነበር፤ አሁን በርካታ ሠራተኞች አስፈለጉ። ፕሬዚዳንቱ መጋቢት 12 ስለ ባንኮች መዘጋት በሬዲዮ ሲያስረዱ ሕዝቡ ቤቱ ድረስ መጥተው እንዳነጋገሩት ቆጥሮ መለሰላቸው። ኮግሊን ያን ጊዜ ከሩዝቬልት ጎን ነበሩ፤ “ወይ ሩዝቬልት ወይ ጥፋት” የሚለው የእሳቸው መፈክር ነው። ስለዚህ ለሁለቱም የሚጽፍ ብዙ ሰው ነበር። ሁለቱ መራራቅ ሲጀምሩ እነዚህ አድማጮች ተጨነቁ፤ ካህኑ ከፕሬዚዳንቱ ጋር እንዳይጣሉ የሚለምኑ ደብዳቤዎች መጡ። ብዙዎቹ አድማጮች ሁለቱን አብረው ይወዱ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ አልተዘጋጁም። ይህን ያልሰሙት ደብዳቤውን የሚያስቆጥሩት ሰው ራሳቸው ነበሩ።

እንዲዘናጉ ያደረጋቸው አንድ ትልቅ ድል ነው። ጥር 1935 የአሜሪካ ሴኔት አገሪቱ የዓለም ፍርድ ቤት አባል ትሁን አትሁን በሚለው ላይ ሊወስን ነው። ሩዝቬልት ይሁን አሉ፤ ጉዳዩም የሚያልፍ ይመስል ነበር። ጥር 27 እሑድ ኮግሊን አድማጮቻቸው ለየሴናተሮቻቸው ቴሌግራም እንዲልኩ ጠየቁ። የኸርስት ጋዜጦችና ታዋቂው ቀልደኛ ዊል ሮጀርስም በተመሳሳይ ወገን ነበሩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቴሌግራም ዋሽንግተንን አጥለቀለቀ። ማክሰኞ ድምፅ ሲሰጥ 52 ደገፉ፣ 36 ተቃወሙ፤ ለሁለት ሦስተኛ ሰባት ድምፅ ጎደለ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀኑ የራሱ ትርጉም አለው። የወልወል ግጭት ከተፈጸመ ገና ሁለት ወር አልሞላም፤ ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ለመንግሥታቱ ማኅበር ያቀረበችው በዚያው ጥር ነው። ዓለም አቀፍ ፍትሕ ደጋፊ በሚሻበት ወር በየቤቱ ሬዲዮ የከፈተ የአሜሪካ አድማጭ አገሩ ከዚያ ሁሉ እንድትርቅ ቴሌግራም ይልክ ነበር።

ካህኑ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ አድማጭ ማለት ተከታይ ማለት እንደሆነ አመኑ። ኅዳር 1934 ባለ 16 ነጥብ መርሕ ይዞ የተመሠረተው ብሔራዊ የማኅበራዊ ፍትሕ ኅብረታቸው በ1936 ለፖለቲካ ተሰለፈ፤ የሰሜን ዳኮታውን የምክር ቤት አባል ዊሊያም ሌምኪን ለፕሬዚዳንትነት ደገፈ። ሐምሌ ላይ ክሊቭላንድ በተደረገ ስብሰባ ኮግሊን የክህነት አንገትጌያቸውን አውልቀው ፕሬዚዳንቱን ውሸታም ብለው ሰደቡ፤ ኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ለሌምኪ 9 ሚሊዮን ድምፅ ካላመጣሁ ከሬዲዮ እወጣለሁ ብለውም ቃል ገቡ።

አድማጩ አሁንም ይጽፍ ነበር። ሞንሲኞር ጆን ራያን የተባሉ የካቶሊክ ምሁር በዚያው ዓመት ጥቅምት ስለ ሩዝቬልት በሬዲዮ ሲከራከሩ የኮግሊን ደጋፊዎች በቁጣ ደብዳቤ አጨናነቋቸው። በምርጫው ቀን ግን ሌምኪ ያገኙት ድምፅ 900,000 እንኳ አልሞላም። ሩዝቬልት ከሁለት ግዛቶች በቀር ሁሉንም አሸነፉ። የካህኑን ንግግር እሑድ በደስታ ያዳመጠና አንድ ዶላር የላከ ሰው ማክሰኞ ሄዶ የሚቃወሟቸውን ሰው መረጠ ማለት ነው። ይህን ማድረጉ መዋሸት አይደለም። ማዳመጥ አንድ ነገር ነው፤ መታዘዝ ሌላ።

ኮግሊን ቃላቸውን አክብረው ወጡ። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው፣ ጥር 1937፣ በሞት አልጋ ላይ የነበሩት ጳጳስ ጋላገር ጠይቀውኛል ብለው ተመለሱ። የተመለሱት ግን ወደ ሌላ አድማጭ ነው። መካከለኛው ሰው፣ ሩዝቬልትን የሚወደውና አይሁዳዊው ደጋፊ ሄደዋል። የቀረው ይበልጥ የተናደደው ነው፤ ንግግሩም ቀስ በቀስ ወደዚያ ቁጣ ወረደ። በ1938 ሶሻል ጀስቲስ የተባለው መጽሔታቸው “የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል” የተባለውንና በአይሁድ ላይ ተፈጥሮ የተጻፈውን የሐሰት ሰነድ አተመ። በዚያው ኅዳር ናዚዎች በመላው ጀርመን ምኩራቦችን አቃጠሉ፤ አይሁዳውያንን ገደሉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን አሰሩ። ኮግሊን ኅዳር 20 በሬዲዮ ቀርበው ናዚዝም በኮሙኒዝም ላይ የተነሣ መከላከያ እንደሆነ አስረዱ፤ ለሩሲያው አብዮትም አይሁዳውያን ባለባንኮችን ተጠያቂ አደረጉ። ማስረጃ ብለው የጠቀሱት ወዲያው ተስተባበለ።

ደብሊው ኤም ሲ ኤ የተባለው የኒው ዮርክ ጣቢያ ንግግሩ እንዳበቃ የተሳሳቱ ነገሮች እንደተነገሩ ለአድማጩ አስታወቀ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፉን አስቀድሜ ካላየሁ አላስተላልፍም አለ። ካህኑ እምቢ አሉ። ከዚያ ጀምሮ ደጋፊዎቻቸው በየእሑዱ በጣቢያው ደጅ እየተሰለፉ ለወራት ጮኹ፤ በሰልፉም በአይሁድ ላይ ስድብ ይሰማ ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ የአድማጭ ተቃውሞ ምን ያህል እንደተለወጠ ማየት ያሳዝናል። በ1931 ለሲቢኤስ የጻፈው ሰው የሥራ አጦች ጠበቃ ዝም እንዳይባል ይከራከር ነበር። በ1938 በጣቢያው ደጅ የቆመው የሚከራከርለት ጥላቻው እንዳይነካበት ነው። ሁለቱም ራሳቸውን “ሕዝብ” ብለው ይጠሩ ነበር።

በሮያል ኦክ የሚቆጠረው ደብዳቤ የወዳጅ ደብዳቤ ነበር። የተሰደበው ቤተሰብ ለምን ብሎ ይጻፍ? ስሙን አጥፍቶበት ለሚኖር ተናጋሪ አንድ ዶላር አይልክም፤ አይቆጠርም። የኮግሊን ክፉ ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስላል፤ የሚወዷቸውን ሰዎች ብዛት አይተው የጎዷቸውን ሰዎች ሳያዩ ቀሩ።

ሌላ ዓይነት አድማጭም ነበረ፤ ጥቂት፣ ግን ጠንቃቃ። በ1939 በኒው ዮርክ የነበረው የፕሮፓጋንዳ ትንተና ተቋም የኮግሊንን ንግግሮች ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተነተነ መጽሐፍ አሳተመ። አዘጋጆቹ አልፍሬድና ኤልዛቤት ሊ ባልና ሚስት ነበሩ። ኮግሊን የት ላይ ስም እንደሚለጥፉ፣ የት ላይ ማስረጃ መርጠው እንደሚያቀርቡ በምልክት ያሳያሉ። ተራ አድማጭ ሬዲዮውን ሳይዘጋ እንዲጠነቀቅ የሚያስተምር ሥራ ነው፤ ለዛሬው የፖድካስት ዘመንም ይጠቅማል።

መጨረሻው የመጣው ከሦስት አቅጣጫ ነው። በ1939 የአሜሪካ ብሮድካስተሮች ማኅበር አከራካሪ ጉዳይ ለሚናገሩ ሰዎች የአየር ሰዓት መሸጥን የሚገድብ ደንብ አወጣ፤ ጣቢያዎች አንድ በአንድ ውላቸውን አላደሱም፤ በ1940 የእሑዱ ፕሮግራም ቆመ። አሜሪካ ጦርነት ከገባች በኋላ በ1942 ፖስታ ቤቱ ሶሻል ጀስቲስን በርካሽ ዋጋ ማድረስ ከለከለ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፍራንሲስ ቢድል ካህኑን ለፍርድ ማቅረብ ሰማዕት ያደርጋቸዋል ብለው ስለሰጉ ሊዮ ክራውሊ የተባሉ ካቶሊክ ባለሥልጣንን ወደ ዲትሮይቱ ሊቀ ጳጳስ ኤድዋርድ ሙኒ ላኩ። ሙኒም ኮግሊን ከፖለቲካ እንዲወጡ፣ አለዚያ ከክህነት እንደሚታገዱ አስታወቋቸው። ኮግሊን ታዘዙ። እስከ 1966 የሮያል ኦክ ደብር አስተዳዳሪ ሆነው አገለገሉ፤ በ1979 በ88 ዓመታቸው አረፉ።

በ1931 ሲቢኤስን ያስጨነቀው ዓይነት የደብዳቤ ጎርፍ በ1942 አልተነሣም። የፋብሪካዎቹ በር ለጦር መሣሪያ ሥራ ተከፍቶ ሥራ አጡ ደመወዝተኛ ሆኗል፤ ልጆቹ ዘምተዋል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሬዲዮም ከካህኑ ንግግር ይልቅ የግንባሩን ዜና ያሰማዋል። የዲትሮይት ሠራተኞች ራሳቸው ያኔ ከእሑድ ንግግር ይልቅ በሠራተኛ ማኅበራቸው በኩል መናገር ለምደው ነበር፤ ፎርድ ኩባንያ እንኳ በ1941 ከመኪና ሠራተኞች ማኅበር ጋር ውል ፈርሟል።