የጉንፋን ማስታገሻ፤ ከጓሮ ቅጠል እስከ መድኃኒት ቤት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ገጠር፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ፣ ጉንፋን ወይም ምች የያዘው ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ጓሮውን ነው። የዳማ ከሴ ቅጠል ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂውም ከቡና ጋር ይጠጣል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም ከማገዶነቱ ሌላ ቅጠሉ ተፈልቶ የሚታጠኑት ሆኗል። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ዳማ ከሴ ትኩሳትን የመቀነስ ጠባይ እንዳለው ተመልክቷል።

ይሁን እንጂ ትኩሳትን መቀነስና በሽታን ማዳን የተለያዩ ናቸው። ይህም በኅዳር 1911 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በዚያን ጊዜ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው ዳኑ፤ በአዲስ አበባ ብቻ ያለቀው ሕዝብ 10 ሺህ ያህል እንደሚሆን ይገመታል። የጀርመኑ ባየር ኩባንያ አስፒሪንን ለገበያ ካቀረበ ሃያ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ ነገር ግን ክኒኑም እንደ ቅጠሉ ሕመሙን ከማስታገስ አላለፈም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ገና በ1925 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ወዲህ የማስታገሻው ዓይነት በዝቷል። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካና በእንግሊዝ ለሽያጭ የበቃው ፓራሲታሞል የአስፒሪንን ቦታ በብዙ ወሰደ። በ1970ዎቹም አስፒሪን ኢንፍሉዌንዛ ለያዛቸው ሕፃናት እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ አንጎልንና ጉበትን ከሚጎዳው የራይ ሕመም ጋር ተያይዞ ስለ ተገኘ ነው። በ2016 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አማካሪዎች፣ በብዙ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ የሚገኘው ፊኒሌፍሪን በአፍ ሲወሰድ የታፈነ አፍንጫ እንደማይከፍት በአንድ ድምፅ ወስነዋል።

የታሪኩ ትምህርት ለፋርማሲ ባለሙያ ግልጽ ነው። ጉንፋን የያዘው ደንበኛ አሞክሲሲሊን ስጡኝ ቢል፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን እንደማይገድል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጡም የተላመዱ ተሕዋስያንን እንደሚያበዛ ሊገለጽለት ይገባል። ፓራሲታሞልን ፓራሲታሞል ካለበት ቅይጥ ክኒን ጋር ደርቦ መውሰድ ጉበትን እንደሚጎዳም መነገር አለበት። ትንፋሹ የፈጠነ ወይም ደረቱ የሚሰረጉድ ሕፃን ግን ማስታገሻ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ያስፈልገዋል፤ ምልክቱ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና። ከቡሬ ገጠር ረጅም መንገድ ተጉዛ ለመጣች እናት ይህን በጊዜው መንገር ክኒን ከመሸጥ የሚበልጥ አገልግሎት ነው።