ቅጣትና ኅሊና፤ ስለ ሕግ ማስከበርና ስለ ሃይማኖት ከምሥራቅ አዲስ አበባ የተነሣ ሐተታ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጋሪ ቤከር የኖቤልን ሽልማት በተቀበለበት በ1992 እ.ኤ.አ. ባሰማው ንግግር እንዳወሳው፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳለ አንድ ቀን ለተማሪው የቃል ፈተና ሊዘገይ ሆነና፣ መኪናውን ራቅ ካለው ማቆሚያ ገንዘብ ከፍሎ ማኖር ወይስ ሕግ ከከለከለው መንገድ ዳር ትቶ መግባት ይሻል እንደ ሆነ በልቡ ሒሳብ አደረገ፤ የመያዙን ዕድልና የመቀጮውን ልክ ከመዘነ በኋላም የተከለከለውን መረጠ። በ1968 እ.ኤ.አ. ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት ያሳተመውና እስከ ዛሬ የዘርፉ መሠረት ሆኖ የሚጠቀሰው ጽሑፍ ከዚህ ሐሳብ የተነሣ ነው። ትምህርቱ በአጭሩ፣ ሰው ሕግን የሚጥሰው የሚያገኘው ጥቅም ከሚያሠጋው ጉዳት ሲበልጥበት ነው፣ ጉዳቱም የመያዝ ዕድል በቅጣቱ ልክ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፣ ስለዚህም መንግሥት ወንጀልን ለመቀነስ ከፈለገ ወይ ዕድሉን ወይ ቅጣቱን ከፍ ማድረግ አለበት የሚል ነው። ነገር ግን ጽሑፉን አጥብቆ ያነበበ ሰው በቀመሩ ጥግ አንዲት ፊደል ቆማ ያገኛል፤ ቤከር ከዕድልና ከቅጣት በቀር ሰውን ከክፉ የሚመልሱትንም ወደ ክፉ የሚገፉትንም ምክንያቶች ሁሉ በእርስዋ ጠቅልሎ ወደ ዋናው ነገሩ ያልፋል። በአገራችን፣ ይልቁንም በቦሌና ከመገናኛ ወዲያ እስከ አያት በተዘረጋው አዲሱ ከተማ፣ ሕግ ሲከበርም ሆነ ሲጣስ የነገሩ ቁልፍ የሚገኘው በዚያች በታለፈችው ፊደል ውስጥ መሆኑን ለማሳየት ይህ መጣጥፍ ተጽፏል።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ዛሬ ፖሊስ የምንለው ሠራዊት ሳይኖረው ዘመናትን የተሻገረ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ሊቅ እብን አል አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀውና ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ ከ51ዱ አንቀጾቹ 22ቱን ለመንፈሳዊው 29ኙን ለሥጋዊው ነገር መድቦ ሁለቱን በአንድ ጥራዝ ማሰሩ፣ ዳኝነትና ፍርሀተ እግዚአብሔር ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ሆነው ይታሰቡ እንደ ነበር ይመሰክራል። የተበደለ ሰው በዳዩን በጎዳና አግኝቶ «በሕግ አምላክ!» ያለው እንደ ሆነ፣ ያ ሰው ጉልበተኛም ቢሆን እርምጃውን መግታት ነበረበት፤ አልገታም ያለ ባላጋራውን ብቻ ሳይሆን ንጉሡንና የሕግን አምላክ ደፈረ ይባል ነበርና። ከዚያም ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው፣ አብረው እየበሉና አብረው እያደሩ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ይቆዩ ነበር። ይህን ሥርዓት በኢኮኖሚ ዓይን ላየው ሰው ጥበቡ የሚያስደንቅ ነው፤ የማሰሩ ወጪ ከንጉሡ ግምጃ ቤት ሳይሆን ከከሳሹ ጊዜና ነፃነት ስለሚከፈል፣ በሐሰት ለመክሰስ የሚቃጣው ሰው አስቀድሞ የራሱን እስራት ማሰብ ነበረበት። ቤከር ራሱ ከጆርጅ ስቲግለር ጋር በ1974 እ.ኤ.አ. ሕግን የማስከበር ሥራ ለግል ሰዎች ቢሰጥ ምን ሊመስል እንደሚችል በጻፈ ጊዜ በአሳብ የደረሰበት ነገር፣ በእኛ አገር ከብዙ ትውልድ በፊት በነጠላ ጫፍ ሲሠራበት የኖረ ነበር።

ይህን ስል የጥንቱን ሁሉ ለማወደስ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ሌባሻይ በሚባለው ልማድ፣ መድኃኒት የጠጣ ብላቴና እየሮጠ ሄዶ የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት ሌባ ይባል ነበር፤ በአፈርሳታም የአገሩ ሕዝብ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ የእርሻውን ቀን ያባክን ነበር። ሁለቱም የመያዝን ዕድል ከፍ ያደርጉ ይሆናል፤ የሚያዘው ግን ጥፋተኛው ለመሆኑ ምንም ዋስትና አይሰጡም፤ ንጹሑንና በዳዩን የማይለይ ቅጣት ደግሞ ንጹሕ ሆኖ የመኖርን ዋጋ ያረክሰዋል። ስለዚህ ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀውና በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ኋላም በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 የተደነገገው የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት፣ በተለይም ከአንዱ ሃይማኖት ውጭ ለነበረው ብዙ ሕዝብ እውነተኛ የፍትሕ ዕርምጃዎች ነበሩ። የተለያየው ግን የመንግሥት ሥልጣንና የቤተ ክህነት ሥልጣን ብቻ አይደለም፤ በሰውየው ልብ ውስጥም ሕግና ኃጢአት ተለያዩ፤ የዚህም መዘዝ እስከ ዛሬ በቅጡ አልተመረመረም።

ከመገናኛ ወደ አያት የሚሄደውን ታክሲ የተሳፈረ ሰው መዘዙን በዓይኑ ያያል። ረዳቱ ወንበሩ ከሞላ በኋላ ሦስት አራት ሰው ትርፍ ጭኖ፣ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታየው «ጎንበስ በሉ» ይላል፤ መምህሩም፣ ነርሷም፣ ነጋዴውም ያለ ክርክር አንገታቸውን ይደፋሉ። ጥቂት ቆይቶ መኪናው በሲ.ኤም.ሲ. ቅዱስ ሚካኤል በኩል ሲያልፍ ሾፌሩ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ያማትባል፣ ቅድም የተጎነበሱት ሰዎችም አብረውት ያማትባሉ፤ ሾፌሩ ሙስሊም ቢሆን ጉዞውን በቢስሚላህ ይጀምር ነበር፤ ትርፉን መጫኑ ግን አይቀርም። ይህን አይቶ ሕዝቡን ግብዝ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ፍርዱ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። የነፍስ አባት ስለ ጾም፣ ስለ ሐሰት ምስክርነት፣ ስለ ሰው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስለ ትርፍ ሰው መጫን የሚጠይቅ ግን የለም፤ የትራፊክ ደንቡም መቀጮውንና በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገበውን ጥፋት ሲዘረዝር በሰውየው ኅሊና ላይ አንዳች ነገር አይጽፍም። ስለዚህ ሾፌሩ ከቤከር ቀመር ጋር ብቻውን ይቀራል፤ መቀጮውንም እንደ ነዳጅ ሁሉ ከቀኑ ወጪ ይቆጥረዋል። ይህ ዓይነቱ ነገር በሌላም አገር ታይቷል፦ ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ በሃይፋ ከተማ በሕፃናት ማዋያዎች ባደረጉት ምርምር፣ ልጃቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች መቀጮ በተጣለባቸው ጊዜ መዘግየቱ ጨመረ፣ መቀጮው ከተነሣም በኋላ እንኳ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። አስቀድሞ ያሳፍር የነበረው ነገር ዋጋ ስለ ተቆረጠለት፣ እፍረቱ ቀርቶ ግዢ ሆነ።

የቅጣትን ኃይል የሚያቃልል ሰው ግን የሬይ ፊስማንንና የኤድዋርድ ሚጌልን ጥናት ማንበብ ይገባዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ጥናት በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ የተመደቡ ዲፕሎማቶች መኪና በተከለከለ ስፍራ በማቆም የተጻፈባቸውን መቀጮ ይመረምራል፤ ሁሉም ያለመከሰስ መብት ስለ ነበራቸው ቅጣቱ ለሁሉም እኩል ባዶ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሙስና ከበዛባቸው አገሮች የመጡት ከሌሎቹ ይልቅ አብዝተው ይጥሱ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ሰሌዳቸውን ለመንጠቅ ሥልጣን ባገኘች ጊዜ ግን ያልተከፈለው መቀጮ 98 በመቶ ገደማ ወደቀ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ መዲና ሆና የዲፕሎማት ሰሌዳ በየመንገዱ ለምታይ ለአዲስ አበባ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የማይቀር ቅጣት ልማድን ያሸንፋል፤ የማይቀር ለማድረግ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ በየመስቀለኛ መንገዱ የማይተኛና ጉቦ የማይቀበል ጠባቂ ማቆም ለእኛ ከተማ ግምጃ ቤት ከባድ ነው። ኅሊና በሕዝብ አስተዳደር ውስጥ ቦታ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠባቂው በሌለበት ሰዓትና ስፍራ የሚጠብቀው እርሱ ነውና።

ኅሊና ደግሞ ብቻውን አይቆምም፤ የሚያዩትና የሚያውቁት ሰዎች ያሻዋል። በአያትና በሰሚት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በዕጣ ተሰባስበው አንዱ የሌላውን አገር ሳያውቅ የገቡ ሰዎች፣ ጥቂት ሳይቆዩ ዕድር ያቋቁማሉ። የዕድሩ ጸሐፊ በእሑድ ጠዋት በግቢው ጠረጴዛ ዘርግቶ መዋጮ ሲሰበስብ፣ ከቀብር የቀረ፣ ድንኳን ለመትከል ተጠርቶ ያልመጣ፣ መዋጮውን ያሳለፈ ሁሉ መቀጮውን ያለ ፖሊስና ያለ ፍርድ ቤት ይከፍላል። ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያና በታንዛኒያ ባደረጉት ጥናት እንዲህ ያሉት ማኅበራት የተጻፈ ደንብና የተወሰነ መዋጮ ያላቸው እውነተኛ የመድን ተቋማት መሆናቸውን አሳይተዋል። የመክፈላቸውን ምክንያት ግን መዋጮው ብቻ አይገልጠውም፤ ሙትን መቅበር በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የአምላክ ትእዛዝ ስለ ሆነ፣ የዕድሩን ደንብ የሚጥስ ሰው ሁለት ዳኞች ይፈርዱበታል። ከሶማሊያና ከሱማሌ ክልል የመጡ ብዙ ሰዎች በሚኖሩበት በቦሌ ሚካኤልም፣ ገንዘብ ከባሕር ማዶ በሐዋላ የሚደርሰው በጎሣና በአማና ጥንካሬ ነው። የመንግሥት የውጭ ምንዛሪ ደንብ ከዚህ መተማመን ጋር ስንት ዓመት እንደ ታገለና ምን ያህል ጥቂት እንዳተረፈ የሚያውቅ ባለሙያ፣ ጠንካራ ኅሊና ሁልጊዜ የመንግሥት ወዳጅ እንዳልሆነም ይረዳል።

ወዳጅነቱ የሚፈርስበት ስፍራ ደግሞ መሬት ነው። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በቦሌ ክፍለ ከተማ ቀበሌ 24 በሚባለው ሰፈር፣ ፈቃድ የለውም የተባለ ቤተ ክርስቲያን ሊያፈርስ በሌሊት የመጣ የፖሊስ ኃይል ከምእመናኑ ጋር ተጋጭቶ ሁለት ወጣቶች ሞቱ፤ የከተማው ምክትል ከንቲባም ኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ይህን ያለ ኀዘን መጻፍ አይቻልም። በቤከር ቀመር ብቻ ለተመለከተው፣ በዚያች ሌሊት የመያዝ ዕድል ሙሉ፣ የኃይሉም ልክ ከባድ ነበር፤ ሆኖም የሕግ ክብር ከዚያ ሌሊት በኋላ ጨመረ የሚል ሰው አላገኘሁም። ሕዝቡ ለአምልኮ ስፍራ ለሚያቀርበው ጥያቄ በቀን ብርሃን፣ በታወቀ ጊዜ፣ ለሁሉም እምነት በእኩል ሥርዓት መልስ የሚሰጥ ቢሮ ቢኖር ወጪው ከአንድ ሌሊት ዘመቻ ባነሰ ነበር፤ በጨለማ የሚመጣ ሕግ ግን ሕግ ሳይሆን ባላጋራ መስሎ ይታያል፣ ያን ጊዜም ኅሊና በሕጉ ላይ ይነሣል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በቍጥር ሊፈተን ይችላል፤ የኢኮኖሚ ትምህርት ክፍሎቻችንም ይህን ፈተና ቢወስዱ መልካም ነው። ፊሊፔ ካምፓንቴና ዴቪድ ያናጊዛዋ-ድሮት በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የረመዳን ጾም የሚረዝምበትን አገር ከሚያጥርበት ጋር አነጻጽረው፣ የጾሙ መርዘም የኢኮኖሚን ዕድገት ቢቀንስም የሙስሊሞችን የሕይወት እርካታ እንደሚጨምር አሳይተዋል። በአዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ መንገዳቸው እዚህ አይሠራም፤ እኛ ግን እነርሱ ያልነበራቸው ነገር አለን፤ ይኸውም የሁለት ጾሞች አካሄድ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገብተው ጎን ለጎን ሄዱ፤ ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ታኅሣሥ ይሸሻል፤ ዐቢይ ጾም ግን ከአምስት ሳምንት ክልሉ አይወጣም። ስለዚህ የወቅቱን፣ የገበያውንና የዝናቡን ነገር ከጾሙ ነገር መለየት ይቻላል። ጥንቃቄ ያሻል፦ በዐቢይ ጾም የቦሌ ሥጋ ቤቶች ማንም ፖሊስ ሳያዝዛቸው መዝጋታቸው የሻጩን ኅሊና አያሳይም፣ ገዢው ስለ ቀረ ነውና፤ በረመዳንም የአፍጥር ሰዓት ሲደርስ የሚታየው ጥድፊያ ከኅሊና ጋር ግንኙነት የለውም። መለየት የሚገባው በሰው ላይ በደል የሆኑትን ጥፋቶች፣ ማለት ስርቆትን፣ ድብደባንና ማታለልን፣ ደንብ ብቻ ከሚከለክላቸው ከትርፍ መጫንና ያለ ስፍራ መኪና ከማቆም ነው። ሐሳቤ እውነት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ በጾም ወራት ይቀንሳሉ፣ የኋለኞቹ ግን ባሉበት ይኖራሉ፤ ሁለቱም አብረው ከቀነሱ ወይም ሁለቱም ካልተነቃነቁ ተሳስቻለሁ። በቦሌ፣ በየካና በ2013 ዓ.ም. ከእነርሱ ተከፍሎ በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ፖሊስ የሚመዘግበው እያንዳንዱ ጥፋት ቀን ይጻፍበታል፤ ቀኑ ጾም ወይም ፍስክ መሆኑንም ባሕረ ሐሳብና የሂጅራ አቈጣጠር ይነግሩናል።