ነውርን ስለ መተውና ተስፋን ስለ ማግኘት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ቃል በሁለት ጎረቤታሞች ጠብ ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ በአገር ታሪክም ይሠራል። አገር ድሏን በየዓመቱ ስታከብር ትኖራለች፤ ያደረገችውን ነውር ግን ቶሎ ትረሳዋለች። በረሳው ወገን ዘንድ ነገሩ ያለፈ ይመስላል፤ በተወጋው ወገን ዘንድ ግን ቁስሉ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ይኖራል። እንግዲህ፣ ክቡራን አንባብያን፣ ዛሬ የምንመለከተው ጉዳይ ይህ ነው፦ ሰው ከሚያሳፍር ያለፈ ዘመን እንደምን ይወጣል? የክርስትና እምነትስ በዚህ ነገር በአገራችን ምን አደረገ? ምንስ ሳያደርግ ቀረ?

ነገራችንን ከምናውቀው መንገድ እንጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው ጐዳና 150 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወልቂጤን ያገኛል። ወደ ደቡብ በሚወስደው በሌላው ጐዳና 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ደግሞ ቡታጅራ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል የጉራጌ ተራራ ቆሟል። ከእናንተ መካከል ለሥራ ተዛውሮ በነዚህ ከተሞች የተቀመጠ፣ ወይም ለቁጥጥር ተልኮ ያደረ ብዙ ሰው አለ። ለመስቀል ክርስቲያኑ፣ ለዐረፋ ሙስሊሙ ከየተበተነበት ከተማ ወደ አባቱ ቤት ሲጎርፍ ያየ ሰው፣ የጉራጌ ሰው ለትውልድ አገሩ ያለውን ፍቅር ለመረዳት ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ነገር ግን በዚሁ አገር ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሳይሆን ከቤቱ ተነጥቆ የሚነዳበት ዘመን ነበረ።

በ1830ዎቹ ዓመታት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የመጡት ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ክራፕፍና እንግሊዛዊው መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስ በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ፣ የጉራጌ ሰዎች እየተጋዙ በሸዋ ገበያዎች ይሸጡ እንደ ነበረ ይነበባል። ከነዚህም ውስጥ ክርስቲያኖች ነበሩባቸው። ከዚያ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ ሲያሰፉ፣ ክስታኔ የተባለው የሶዶ ጉራጌ ያለ ብዙ ውጊያ ገባ፤ የምዕራቡ ጉራጌ ግን ለብዙ ዓመታት ተከላከለ። የሐሰን ኢንጃሞም ጦር በራስ ጎበና ዳጬ የተሸነፈው በ1881 ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው። በነዚያ ውጊያዎች የተማረከው ሰው ብዙ ነው፤ ስሙና የደረሰበት ግን በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም።

ከተማረኩት መካከል የታወቀ አንድ ሰው ብንፈልግ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን እናገኛለን። በጨቦ ተወልደው በወጣትነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡት እኒህ ሰው፣ በ1900 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓመተ ምሕረት እስከ ሞቱም ድረስ በአገሪቱ ከታላላቆቹ አንዱ ነበሩ። ይህ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን አንዱ ስለ ወጣ ሺህ ያህሉ እንዳልወረዱ መቁጠር አይገባም። የአንድ ምርኮኛ መሾም የምርኮን ነውር አያጥብም።

ከዚህ ላይ ሳንጠይቅ የማናልፈው ነገር አለ። አገሪቱ የክርስቲያን አገር ነበረች። ከቡታጅራ ወደ ሰሜን፣ በሶዶ አገር፣ የምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ከጥንት ጀምሮ ይሳለማል። «ገብረ» ማለት በግእዝ ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ነው። ክርስቲያኑ ልጁን ገብረ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም ብሎ በክብር ይሰይማል፤ በዚያው አንደበቱ ግን የሌላውን ሰው ልጅ «ባሪያ» ብሎ ይሸጣል፣ ይለውጣል። ፍትሐ ነገሥቱም ሰው በተፈጥሮው ነጻ እንደ ሆነ፣ ባርነት ከጦርነት ሕግ እንደ መጣ ከገለጸ በኋላ፣ ባርነቱን ፈጽሞ አልከለከለም። አማኝን ለማያምን መሸጥ አይገባም አለ፤ ነጻ ማውጣትንም እንደ በጎ ሥራ አመሰገነ፤ ግን በሩን አልዘጋውም። ስለዚህ እምነት መኖሩ ብቻውን ነውርን አላስቀረም። እምነት ተስፋ የሆነበትን ቦታ ለማየት፣ ከጉራጌ ወጥተን የተሸጠ ሰው ራሱ ታሪኩን ትቶ ወደ አለፈበት እንሂድ።

ይህ ሰው በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ፣ በ1848 ዓመተ ምሕረት ገደማ የተወለደው ሂካ ነው። አባቱን በሕፃንነቱ አጣ። ገና ልጅ ሳለ የባሪያ ነጋዴዎች ሰረቁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1862 ዓመተ ምሕረት ገደማ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ሰጠው። በ1864 ዓመተ ምሕረት በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ፤ ስሙም ኦኔሲሞስ ተባለ። ከዚህ ወዲያ አቶ ኦኔሲሞስ ነሲብ ብለን በአንቱታ ልንጠራቸው ይገባናል።

ስሙ ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ከጳውሎስ መልእክቶች ሁሉ አጭሯ ለፊልሞና የተጻፈችው ናት። የመልእክቷም ጉዳይ ከጌታው ከፊልሞና ኮብልሎ፣ ጳውሎስን በእስር ቤት አግኝቶ ያመነው ባሪያ አናሲሞስ ነው። የስሙ ትርጉም በግሪክ ቋንቋ «የሚጠቅም» ማለት ነው። ጳውሎስ ይህንን ሰው መልሶ ሲሰድደው፣ ጌታው ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ይቀበለው ዘንድ ይለምናል፤ ዕዳ ቢኖርበትም በራሱ ላይ እንዲቆጠር ይዋሳል። የመጀመሪያው ስማቸው ሂካም በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጕም ማለት ነው። እኛም በአማርኛ እስረኛን ፈታ፣ ሕልምን ፈታ እንደምንል፣ ያም ቃል ሁለቱን ይይዛል። አቶ ኦኔሲሞስም በሁለቱም ስማቸው ኖሩ።

ከ1868 እስከ 1873 ዓመተ ምሕረት ድረስ በስዊድን አገር ተምረው ተመለሱ። በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ። አዲስ ኪዳን በ1885 ዓመተ ምሕረት ገደማ በዚያው በምኩሉ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1891 ዓመተ ምሕረት በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ።

ይህንን ሥራ ብቻቸውን አልሠሩትም። ወይዘሮ አስቴር ጋኖ ነበሩ። እርሳቸውም በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት በባርነት ተይዘው ኋላ የተሸጡ ናቸው። በ1878 ዓመተ ምሕረት ወደ ዓረብ አገር ሲወሰዱ፣ ጀልባቸውን የኢጣሊያ መርከብ ይዞ ነጻ አወጣቸውና ወደ ምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ። በሕፃንነታቸው የሰሙትን እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከልባቸው እያስታወሱ አምስት መቶ ያህል ጻፉ፤ ለትርጕሙም ሥራ 15 ሺህ ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰቡ። ከሁለቱ የተገኘው የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1886 ዓመተ ምሕረት ገደማ ታትሟል። ልብ በሉ፦ ባሪያ ነጋዴ ከአገሯ ቈርጦ የወሰዳት ሴት ልጅ የአገሯን ቃል በልቧ ይዛ ወጥታ፣ በመጽሐፍ አድርጋ መለሰችው። የሸጧት ሰዎች ዋጋዋን በብር ቈጥረው ነበር፤ በልቧ የያዘችውን ግን አልቈጠሩትም።

በ1896 ዓመተ ምሕረት ሁለቱም ወደ ወለጋ ገቡ። አቶ ኦኔሲሞስ በሃይማኖት ልዩነት ተከስሰው ለብዙ ዓመታት እንዳይሰብኩ ቢከለከሉም፣ በልጅ ኢያሱ ዘመን ፈቃድ አግኝተው እስከ ዕለተ ሞታቸው አስተማሩ። በሰኔ ወር 1923 ዓመተ ምሕረት በነቀምት ዐረፉ። ወይዘሮ አስቴር ግን በዕድሜ ገፍተው እስከ 1956 ዓመተ ምሕረት ገደማ ኖሩ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ለተበደለው ሰው እምነቱ ምን እንደ ሰጠው እንመልከት። ስም ሰጠው፤ ፊደል ሰጠው፤ ለሌላው የሚጠቅም ሥራ ሰጠው። ኀፍረቱ የእርሱ አለመሆኑን አወቀ፤ ነውር የሠሪው ነው እንጂ የተሠራበት ሰው አይደለምና። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባል የለምን?

ሁለተኛው ትምህርት ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ለእኛ ይከብዳል። የፊልሞና መልእክት ለባሪያው አልተጻፈችም፤ የተጻፈችው ለጌታው ነው። አናሲሞስ አምኖ ተለውጧል፤ መንገዱንም ጀምሯል። የቀረው የፊልሞና ልብ ነው። ባሪያ የነበረው በወንድምነት ቢመጣና ጌታው በሩን ባይከፍትለት፣ ተስፋው በደጅ ቆሞ ይቀራል። እንግዲህ ያለፈውን ነውር ትቶ መውጣት የተናቀው ብቻ የሚፈጽመው ጉዞ ሳይሆን የናቀውም አብሮ የሚሄድበት መንገድ ነው።

በሕግ በኩል በሩ ቀስ እያለ ተከፈተ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓመተ ምሕረት የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። አቶ ኦኔሲሞስ በሞቱበት በ1923 ዓመተ ምሕረት ሌላ የተጠናከረ ሕግ ታወጀ። በመጨረሻም ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ በነሐሴ ወር 1934 ዓመተ ምሕረት ባርነት ፈጽሞ ተሻረ። ወይዘሮ አስቴር ይህን በዓይናቸው ለማየት በቅተዋል።

ነገር ግን አዋጅ የሰውን እግር ከሰንሰለት ቢፈታም፣ የሰውን ዓይን ከንቀት ቶሎ አይፈታም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ወደ ጉራጌ ስንመለስ የምናገኘው ሌላው ነገር ነው። በጉራጌ ምድር ከጥንት ጀምሮ «ፉጋ» እየተባሉ የሚጠሩ የእጅ ጥበብ ሰዎች አሉ። ስሙ ራሱ መናቂያ ሆኖ ስለ ኖረ፣ እዚህ የምናነሣው ለታሪኩ ያህል ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች እንጨት ጠራቢዎች ናቸው። የጉራጌ ቤት በውበቱ የታወቀ ነው፤ ጣራውን የሚሸከመውን ምሰሶ የሚያዘጋጁት እነርሱ ነበሩ። ሆኖም ምሰሶውን ወደ አቆሙት ቤት እንደ እኩያ አይገቡም ነበር። መሬቱ ፍሬ ያጣል በሚል እምነት እንሰት እንዳይተክሉ፣ እርሻም እንዳይኖራቸው ተከልክለው ኖሩ። ጋብቻማ የማይታሰብ ነበር። የሚገርመው ግን፣ በጥንቱ ሥርዓት ልጃገረዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ የሚፈጸመውን ሥርዓት እንዲመሩ የሚጠሩት እነዚሁ የተናቁት ሰዎች ነበሩ። ኅብረተሰቡ ፈራቸው፤ ተጠቀመባቸው፤ ግን በማዕድ አላስቀመጣቸውም።

ይህ የጉራጌ ብቻ ነውር አይደለም። በሰሜኑም ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» እያሉ መስደብ የተለመደ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ በአገሩ ሁሉ ስለ ነበረ ነው። የሚያሳዝነው ይህን ስድብ ከሚሳደቡት ብዙዎቹ ክርስቲያኖች መሆናቸው ነው። የሚሰግዱለት ጌታ በናዝሬት ያደገው በእንጨት ጠራቢ ቤት ነው፤ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር ነበር። እንጨት ጠራቢን እየናቁ ለጠራቢው ልጅ መስገድ እንደምን ይስማማል?

በጉራጌ አገር የኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት አለች፤ ካቶሊካውያን ከወልቂጤ ወዲያ በእምድብር ተክለው ያሳደጉት ሥራም በ1996 ዓመተ ምሕረት ሀገረ ስብከት ሆነ፤ ወንጌላውያንም ብዙ ናቸው። በደቡብ ኢትዮጵያ በተለያዩ ቦታዎች ስለ ተናቁት ሠራተኞች የተጻፉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ ቤተ ክርስቲያን በሩን ስትከፍትላቸው ብዙዎቹ በደስታ ገብተዋል። የ1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት አዋጅም መሬት የመያዝ መብትን ለሁሉ ሰጠ። ይሁንና አብሮ ከመዘመር ወደ አብሮ መብላት፣ አብሮ ከመብላት ወደ መጋባት ሲደረስ፣ እግር የሚያመነታበት ቦታ እስከ ዛሬ አለ። አናሲሞስ ደጅ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ክቡራን አንባብያን፣ ይህ ነገር ከእናንተ ሥራ የራቀ አይምሰላችሁ። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ፣ በጠረጴዛችሁ ፊት የሚቆመው ባለ ጉዳይ የማን ልጅ እንደ ሆነ ትጠይቃላችሁ ወይስ ጉዳዩን ትጠይቃላችሁ? የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ማመልከቻ ከባላባቱ ልጅ ማመልከቻ በታች ይቀመጣልን? በሰፈራችሁ ዕድር የማይጠራ፣ በልጃችሁ ሰርግ ከበር መልስ የሚባል ወገን አለን? እነዚህን ለመመለስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ክርስቲያኑ በወንጌሉ፣ ሙስሊሙ ሰው ሁሉ የአደም ልጅ ነው በሚለው ትምህርቱ ሊመልሳቸው ይችላል።

አቶ ኦኔሲሞስ እና ወይዘሮ አስቴር ያጡትን የልጅነት ዘመን ማንም አልመለሰላቸውም። እነርሱ ግን የተነጠቁትን አገር ማንበቢያና መጽሐፍ ሰጡት። ተስፋ ማለት እንዲህ ነው፤ ያለፈውን ሳይክድ ለሚመጣው ይሠራል። የእነርሱ ድርሻ ተፈጽሟል። ለፊልሞና የተጻፈችው ደብዳቤ ግን ዛሬም ተቀባይ አላት፤ መልስ የሚጠበቀውም በር መክፈት ከሚችለው ሰው ነው።