ጀርመን ያሰናበተቻቸው፥ ቱርክ የተቀበለቻቸው መምህራን

የሁለት አገሮችን የከፍተኛ ትምህርት መምህራን ቍጥር አስተያይቶ ይህ ይበልጣል፥ ያ ያንሳል ማለት ቀላል ሥራ ነው፤ አንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ በግማሽ ቀን ያደርሰዋል። ነገር ግን ቍጥሩ ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜ አለና፥ ለዛሬ በ1933 ዓ.ም. በጀርመንና በቱርክ የሆነውን እናቀርብላችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በዚያ ዘመን ጀርመን 23 ዩኒቨርሲቲዎች ሲኖሯት፥ ቱርክ የነበራት በኢስታንቡል ከተማ የሚገኘው ዳሩልፉኑን የተባለው አንድ ብቻ ነበረ። የዚህ መምህራን 240 ያህል ሲሆኑ፥ የጀርመን ግን በብዙ ሺሕ ይቈጠሩ ነበር። እንግዲህ ወረቀቱን ብቻ ለተመለከተ ሰው ጀርመን ባለጸጋ፥ ቱርክም ድኻ ናት።

ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ሦስት ወር ሳይሞላው፥ ኤፕሪል 7 ቀን አንድ ሕግ ወጣ። ስሙን ሲሰሙት ደግ ይመስላል፤ የመንግሥት ሠራተኞችን ሥርዐት ወደ ቀድሞው ለመመለስ የወጣ ሕግ ይባላል። በጀርመን የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሶር የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ፥ አይሁድ የሆኑትና በፖለቲካ አሳባቸው ያልተወደዱት መምህራን በዚህ ሕግ ከወንበራቸው ተነሡ። ምን አጠፉ ተብሎ አልተመረመረም፤ የሚሞላ ቅጽ ቀረበላቸው፥ የአያቶቻቸውም ሃይማኖት ተጠየቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከስድስት መምህራን አንዱ ያህል ወጣ። ሕጉ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በግንባር የተሰለፉትን ለጊዜው ይምር ስለ ነበረ፥ በጌቲንገን ያስተምሩ የነበሩት የኖቤል ተሸላሚ ጄምስ ፍራንክ መቅረት ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን የወገኖቻቸውን መንገላታት እያዩ በምሕረት መቀመጡን ስላልወደዱ፥ በዚያው ወር ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ።

ቱርክም በዚሁ ዓመት ዩኒቨርሲቲዋን እንደ አዲስ ለማቋቋም ቈርጣ ነበር። ጁላይ 31 ቀን ዳሩልፉኑን ተዘግቶ በማግሥቱ የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ተተካ። ከቀድሞዎቹ 240 መምህራን ግን ከ150 የሚበልጡት ተሰናበቱ። የቱርክ ደግነት ሲወራ ይህ ነገር አንዳንድ ጊዜ ይታለፋል፤ እነዚህም ኑሯቸውና ቤተ ሰባቸው በደመወዝ የቆመ ሰዎች ነበሩና ሊዘነጉ አይገባም።

አስቀድሞ፥ ከፍራንክፈርት የሸሹት ሐኪም ፕሮፌሶር ፊሊፕ ሽቫርትስ በዙሪክ ሆነው የተባረሩትን መምህራን ስም የሚመዘግብና ሥራ የሚፈልግላቸው ማኅበር አቋቁመው ነበር። ጁላይ 6 ቀን በአንካራ ከትምህርት ሚኒስትሩ ከረሺት ጋሊፕ ጋር ተቀመጡ። ለየትምህርቱ ዐይነት ሰው ሲጠየቁ ከመዝገባቸው ስም ያወጣሉ፤ በዚያ አንድ ስብሰባ ብቻ ወደ 30 ለሚጠጋ ወንበር ሰው ተገኘለት።

የመጡት መምህራን ቱርክኛ እንዲማሩና የመማሪያ መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ በውላቸው ግዴታ ገቡ። እስከዚያው ድረስ በአስተርጓሚ ያስተምሩ ነበር፤ ቃሉም ሁለት ጊዜ ስለሚነገር ጊዜው ይባክን ነበር። መጽሐፍም የቸገረ ነገር ነበረ፤ ቱርክ የዐረብን ፊደል ትታ የላቲንን የያዘችው በ1928 ዓ.ም. ነውና፥ ተማሪው ባዲሱ ፊደል የሚያነበው ገና ጥቂት ነበር። የሒሳቡ ሊቅ ሪቻርድ ፎን ሚዜስና የቀዶ ሕክምናው ሩዶልፍ ኒሰን በ1939 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ሌሎችም እንዲሁ።

በጀርመን ግን ከተለቀቀው ወንበር ብዙው ሌላ ሰው ተሾመበት። ስለዚህም መዝገቡን በኋላ የከፈተ ሰው የጎደለውን በጉዳቱ መጠን አያገኘውም።

በፍራንክፈርት ዳኛም መምህርም የነበሩት ኤርንስት ሂርሽ ወደ ኢስታንቡል ሲሄዱ የ31 ዓመት ሰው ነበሩ። ቱርክኛውን አጥንተው ያለ አስተርጓሚ ለማስተማር በቁ፤ በ1943 ዓ.ም. የቱርክ ዜግነት ተቀበሉ፤ የአገሪቱን የንግድ ሕግም አረቀቁ። በ1952 ዓ.ም. ወደ በርሊን ተመልሰው በዚያ አስተማሩ። እንግዲህ እኒህን ሰው በየትኛው አገር መዝገብ እንቍጠራቸው? ሕጉ በ1956 ዓ.ም. ሲታወጅ እርሳቸው በርሊን ነበሩ፤ ቱርክ ግን እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ሠራችበት።